ከግቢያችሁ የሚወጣው የክረምት ውሃ፦ ቦዩ፣ ሕጉና ማመልከቻው ደረጃ በደረጃ

ግንቦት ሲጋመስ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም አንድ ዓይነት ሥራ ይጀመራል። አካፋ የያዙ ወጣቶች ቦይ ይጠርጋሉ። ጭቃው፣ ፌስታሉ፣ ሃይላንዱ፣ የተቀደደ ጫማ ሳይቀር ይወጣና እዚያው ቦዩ ጠርዝ ላይ ይከመራል። የሚያነሳው መኪና ሲዘገይ አንድ ጥሩ ዝናብ ይጥላል። ክምሩ በአንድ ሌሊት ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ጭቃው ግን ቢያንስ በዓይን ይታያል። ባሰው ነገር ላይ እናውራ። ብዙዎቻችን የጎርፍ ቦይን የምናየው እንደ ፍሳሽ መስመር ነው። የመኪና እጣቢ፣ የልብስ እጣቢ፣ አተላ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ አንዳንዴም የሽንት ቤት ቱቦ ወደዚያ ይለቀቃል። ቦዩ መጨረሻ ላይ ግን የሚያጣራ ነገር የለም። ባሕር ዳር ላይ የሚቀበለው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የአካባቢው ወንዝ ይቀበለዋል፤ ዞሮ ዞሮ ያው ዓባይ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ላቫጆ፣ ጋራዥ፣ ምግብ ቤት፣ አረቄ ማውጫ ወይም ግንባታ ያለው ነው። ሁለተኛው ከእነዚህ በታች የሚኖረው ነው። ሁለቱም ቢያነቡት ጥሩ ነው፤ የአንዱ ሥራ ካልገባው ሌላው ጋር መነጋገር አይችልም።

ደረጃ 1፦ ውሃውን ተከተሉት

ጎረቤታችሁን «አያ፣ ይህ ቦይ የት ነው የሚሄደው?» ብላችሁ ብትጠይቁት «ይሄዳላ!» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ይሄዳል። የት እንደሚገባ ግን በእግር ሄዶ ማየት ነው።

የምታዩበት ጊዜ ዝናብ እየዘነበ ሳለ ነው። ጃንጥላ ያዙና ከበራችሁ ጀምሩ። ውሃው ከግቢው በየት በኩል ይወጣል? ከጎረቤት የሚገባባችሁስ አለ? ቦዩ የሚጠብበት፣ በመግቢያ ድልድይ ስር የሚታፈንበት ቦታ የት ነው? የባሕር ዳር መሬት ሜዳ ስለሆነ ውሃው ይንቀራፈፋል፤ የያዘውን አሸዋና ዘይት መንገድ ላይ እያራገፈ ይሄዳል። ደብረ ማርቆስ ተዳፋት ይበዛዋል። እዚያ ውሃው ይሮጣል፤ የሚያራግፈው ታች ወንዙ ውስጥ ነው።

ከዚያ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ንድፍ ሥሩ። ጣሪያው፣ ሲሚንቶ የተደረገው ግቢ፣ የማጠቢያው ቦታ፣ የዘይት በርሜሉ፣ ጉድጓዱ፣ የውሃ መውጫው ይታይ። የውሃውን አቅጣጫ በቀስት አሳዩ። ይህን ንድፍ የሚጠይቃችሁ ቢሮ ላይኖር ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ግን ለብዙ የኢንዱስትሪና የግንባታ ቦታዎች ግዴታ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የውሃ ንጽሕና ሕግ መጀመሪያ የፋብሪካ ቱቦ ላይ ያተኮረ ነበር። በ1987 የጎርፍ ውሃም ተጨመረበት። አሁን አብዛኞቹ ግዛቶች ፈቃዱን ራሳቸው ይሰጣሉ፤ አንድ ኤከር ማለትም 0.4 ሄክታር ገደማና ከዚያ በላይ መሬት የሚቆፍር ግንባታ የጎርፍ ብክለት መከላከያ ዕቅድ ማዘጋጀት አለበት። የኛው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ለዝናብ ውሃ ብቻ የተለየ ፈቃድ አያወጣም። ግን ተቆጣጣሪ ሲመጣ ወረቀት አውጥቶ የሚያሳይ ሰውና «እኔ አላውቅም» የሚል ሰው እኩል አይታዩም።

ደረጃ 2፦ ንጹሑን ከቆሻሻው ለዩ

ከሁሉም ርካሹ ሥራ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። የጣሪያ ውሃ ንጹህ ነው ማለት ይቻላል። ዘይት የፈሰሰበት ወለል ላይ ሲወርድ ግን ያንን ሁሉ ጠራርጎ ይወጣል። ቆሻሻችሁን የሚያበዛው ራሱ ዝናቡ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ካላችሁ፣ አንድ የ30 ሚሊ ሜትር የሐምሌ ዝናብ 3,000 ሊትር ያወርድባችኋል። ይህን ሁሉ በጋራዥ ወለል ላይ ለምን ታሳልፉታላችሁ?

አሸንዳ ግጠሙ። ከአሸንዳው ቱቦ አውርዱና ወይ ሮቶ ውስጥ አስገቡት፣ ወይ ከማጠቢያው ውጭ በቀጥታ ወደ ቦዩ ምሩት። ሮቶ ውስጥ ከገባ መኪና ማጠቢያ ይሆናል፤ የቧንቧ ወጪም ይቀንሳል። ከረጅም በጋ በኋላ የሚወርደውን የመጀመሪያ ውሃ ግን አታጠራቅሙት። የወራት አቧራና የወፍ ኩስ የያዘ ነው። ለ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ መጀመሪያ የሚወርደውን 100 ሊትር ያህል አሳልፉት።

ከላይ ከጎረቤት ወይም ከመንገድ የሚገባ ውሃ ካለም በአጥሩ ሥር ትንሽ ቦይ ቆፍራችሁ አዙሩት። ወደ ሌላ ጎረቤት ግን አታዙሩት። እንደሱ ከሆነ ነገሩ ቀበሌ ይደርሳል።

ደረጃ 3፦ ላቫጆና ጋራዥ፣ ባለ ሦስት ክፍል ማጣሪያ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በከተሞቻችን ቦዮች ላይ የሚታየው ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት አብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው።

ዘይት ከውሃ ይቀላል፣ ይንሳፈፋል። አሸዋ ከውሃ ይከብዳል፣ ይዘቅጣል። ማጣሪያው የሚያደርገው ነገር ቢኖር ውሃውን ማዘግየት ነው። ጊዜ ካገኙ ሁለቱም ራሳቸው ይለያሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በቀን 20 መኪና ብታጥቡ፣ ለአንዱ 150 ሊትር ቢሄድ፣ የቀኑ ውሃ 3,000 ሊትር ወይም 3 ሜትር ኩብ ይሆናል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 1 ሜትር የሆነ ገንዳ የቀኑን ውሃ በሙሉ ይይዛል። ከዚያ በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ባዶ ግድግዳ ይኑረው። በብሎኬት ይሠራል፣ ውስጡ በደንብ ይለሰናል። በሁለት ግድግዳ ሦስት ቦታ ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል ግማሹን ርዝመት፣ ማለትም 1.5 ሜትር ይውሰድ፤ አብዛኛው አሸዋ የሚቀረው እዚያ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ 75 ሳንቲ ሜትር ይድረሳቸው። የግድግዳዎቹ ውፍረት ከዚህ ውጭ ይታሰብ።

ቁልፉ ያለው ከክፍል ወደ ክፍል በሚያሳልፈው ቱቦ ላይ ነው። ብዙ ግንበኛ ግድግዳውን ከላይ ቀዶ ውሃው በላዩ እንዲፈስ ያደርገዋል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የሚያልፈው ላይ የተንሳፈፈው ዘይት ነው፤ ማጣሪያው ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ከውሃው ወለል ጋር ትይዩ የሆነ የ110 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳው አሳልፉ። ውሃው በሚገባበት ጫፍ ላይ ወደ ታች የዞረ ክርን ግጠሙ። ከክርኑ ስር አንድ 40 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ቀጥሉ። አሁን ውሃው የሚገባው ከመሃል ነው። ዘይቱ ከላይ፣ ዝቃጩ ከታች ይቀራል። የመጨረሻው መውጫም እንደዚሁ ይሁን።

ማጣሪያውን የሚያበላሹ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንዱ ሳሙና ነው። ፈሳሽ ሳሙና ዘይቱን ሰባብሮ ከውሃው ጋር ያዋህደዋል። የተዋሃደ ዘይት ደግሞ አይንሳፈፍም፤ ሦስቱንም ክፍል አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ሞተርና የመኪና ሆድ ዕቃ መጀመሪያ በጨርቅና በመፋቂያ ይጠረግ፣ ሳሙና በልክ ይሁን።

ሌላው ዝናብ ነው። ክፍት ሜዳ ላይ ያለ ማጠቢያ በአንድ ከባድ ዝናብ ገንዳው ይሞላል፣ ለሳምንት ያጠራቀመውን ዘይት በአሥር ደቂቃ አጥቦ ወደ ቦዩ ይሰደዋል። የማጠቢያውን ቦታና ገንዳውን ቆርቆሮ አልብሱት። ዙሪያውን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የሲሚንቶ ጠርዝ ሥሩለት። ለቆርቆሮው ገንዘብ ከሌለ ከሰኔ በፊት ገንዳውን ባዶ አድርጉ፤ ዝናብ ሲመጣም ማጠብ አቁሙ። ጥሩ መፍትሔ አይደለም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

ተንሳፋፊውን ዘይት በየሳምንቱ በጭልፋ ወይም በጠፍጣፋ ማንኪያ ግፈፉ። ዝቃጩ የመጀመሪያውን ክፍል ሲሶ ሲሞላ ይውጣ። የተቃጠለ ዘይት ክዳን ባለው በርሜል፣ ጥላ ስር፣ ከሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጥ። የሚሰበስቡ ነጋዴዎች አሉ። ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ እንደሚቀባም አውቃለሁ፤ ከተቀባው እንጨት ሥር ግን ዝናቡ ወደ አፈሩ ያወርደዋል። ከጉድጓድ ውሃ አጠገብ በፍጹም አታድርጉት። አንድ ሊትር ያገለገለ ዘይት እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊያበላሽ እንደሚችል የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ያስጠነቅቃል።

«ወደ ቦይ ካልለቀቅሁ ወደ ስርገት ጉድጓድ ላስገባው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ዘይት ያለበት ውሃ መሬት ውስጥ ማስገባት ብክለቱን ከዓይን መሰወር ነው። ጣና ዳር የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው፤ ጎረቤታችሁ በገመድና ባልዲ ከሚቀዳው ጋር ሊገናኝ ይችላል።

ደረጃ 4፦ አረቄ፣ ምግብ ቤት፣ ሥጋ ቤት

አተላ መርዝ አይደለም፤ ከብት ይበላዋል። ችግሩ ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው። በአተላው ላይ የሚራቡት ተሕዋስያን በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው የሚሞተው ተመርዞ ሳይሆን ታፍኖ ነው። ደም፣ የሽሮ ድስት እጣቢ፣ የወተት እጣቢም ያው ናቸው።

ስለዚህ አተላውን ለሚያደልቡ ሰዎች ስጡ ወይም ሽጡ። የሚወስድ ካላገኛችሁ ከገለባና ከአመድ ጋር አቀላቅላችሁ ኮምፖስት አድርጉት። አረቄ የምታወጡ ደግሞ የማቀዝቀዣውን ውሃ ከአተላው ጋር አትደባልቁት። እሱ ሙቅ እንጂ ቆሻሻ አይደለም፤ ቀዝቅዞ ተመልሶ ይሠራል። ምግብ ቤት ከሆናችሁ ከዕቃ ማጠቢያው ስር ትንሽ የቅባት መያዣ ሣጥን አስገቡ፤ አሠራሩ ከላይ ካየነው ገንዳ የተለየ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ግንባታ

መንገድ ላይ የተከመረ አሸዋ የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ቦይ ውስጥ ነው የሚያድረው። እናንተም ትከስራላችሁ፣ ጎረቤታችሁንም ጎርፍ ያገኘዋል። አሸዋውን በሸራ ሸፍኑ፣ በታችኛው በኩል አፈር የተሞላ ማዳበሪያ ደርድሩበት። መሠረት የሚቆፈረው አፈር ከቦዩ ራቅ ብሎ ይከመር። ከተቻለ ቁፋሮው ከመስከረም በኋላ ይሁን።

የሲሚንቶ እጣቢን ብዙ ሰው አይፈራውም። መፈራት አለበት። ሚክሰር የታጠበበት ውሃ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ከ12 ሊበልጥ ይችላል፤ የግንበኛን እጅ የሚልጠው እሱ ነው። የአገራችን የኢንዱስትሪ ፍሳሽ መለኪያ ደግሞ ፒኤች ከ6 እስከ 9 ብቻ፣ ሙቀትም ከ40 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይላል። ለሚክሰሩ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድ ቆፍሩ። ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፣ ሰብራችሁ ለሙሌት ተጠቀሙበት።

ገጠር ለምትኖሩ ባጭሩ፦ ከጮቄ ግርጌ እስከ ሰከላ ድረስ ያለውን አፈር የሚያቆየው እርከን፣ ደሾ ሣርና በወንዝ ዳር የሚተው ያልታረሰ መሬት ነው። ግልገል ዓባይ ቡናማ ሆኖ ጣና የሚገባው የማሳ አፈር ይዞ ነው፤ ዳፑና ዩሪያውም አብሮ ይሄዳል። የመርጫ ፓምፕ ወንዝ ውስጥ አትጠቡ። እጣቢውን እዚያው ማሳው ላይ ርጩት።

ደረጃ 6፦ በጥር የሚፈስ ቦይ

ከኅዳር እስከ የካቲት ጎጃም ውስጥ እምብዛም አይዘንብም። ስለዚህ በጥር ውሃ የሚፈስበት የጎርፍ ቦይ ካያችሁ የሚፈሰው ጎርፍ አይደለም። አንድ ሰው እያፈሰሰው ነው።

ይህ ለምርመራ ትልቅ ዕድል ነው። በክረምት ሁሉም ነገር ይደባለቃል፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በጥር ግን ቦዩን ወደ ላይ ተከትላችሁ ብትሄዱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቱቦ ታገኛላችሁ። ነጭ አረፋ ያለው ሳሙና ነው። ግራጫና የሚሸት፣ ጥቁር አተላ የመሰለ ዝቃጭ ያለው የሽንት ቤት ነው። ቀስተ ደመና የሚሠራው ዘይት ነው። ዱላ ይዛችሁ ቅባቱን ንኩት፤ እንደ ብርጭቆ ተሰባብሮ ከቀረ ከብረት ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ ተፈጥሯዊ ነው። ተመልሶ ከተገጣጠመ ግን ዘይት ነው።

የራሳችሁን ግቢም በዚሁ መንገድ ፈትሹ። ቤቱን ስትገዙ ወይም ስትከራዩ የሽንት ቤቱ ትርፍ ውሃ በቱቦ ወደ ቦዩ ተቀጥሎ ሊሆን ይችላል። ቀለም ወይም አንድ ባልዲ የሳሙና ውሃ አፍስሱና ቦዩ ላይ ብቅ ይል እንደሆነ ተመልከቱ። ካለ ድፈኑት። ሴፕቲኩ (የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ) ቶሎ ቶሎ የሚሞላ ከሆነ መፍትሔው የመምጠጫ መኪና መጥራት ነው። ሽንት ቤትና የስርገት ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁ።

ደረጃ 7፦ ሕጉ ምን ይላል

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ማንኛውም ሰው ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ያስቀምጣል። ሥራ ላይ የሚውለው ዋናው ሕግ ግን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። ከእሱ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅመውን ብቻ ላውጣ።

የበከለ ሰው ያጸዳል ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል። የክልሉ መሥሪያ ቤት ብክለት ቀናሽ ቴክኖሎጂ እንዲተከል ማዘዝ ይችላል። አደጋው ከባድ ከሆነ ድርጅቱን እስከ መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር ይሄዳል። የከተማ አስተዳደሮችም የከተማውን ቆሻሻ የማሰባሰብና የማስወገድ ግዴታ አለባቸው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ጣቱ ሁሌ ወደ ላቫጆው ብቻ መቀሰር የለበትም።

የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ግቢ መግባት፣ ናሙና መውሰድና ሰነድ መመርመር ይችላል። በሩን አትዝጉበት። መታወቂያውን ግን ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ምን እንዳየ፣ ምን እንዳዘዘ፣ እስከ መቼ እንደሰጣችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

አዋጁ በጥቅሉ ያስቀመጠው ቅጣት ለግለሰብ ከ5,000 እስከ 10,000 ብር ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም ሁለቱም ነው። ለድርጅት ከ10,000 እስከ 20,000 ብር ነው። በዛሬ ዋጋ ሲታይ አንድ የመኪና ጎማ ቢገዛ ነው፤ አዋጁ ሲወጣ ግን ገንዘብ ነበር። ስለዚህ ባለ ድርጅቱን የሚያስፈራው ቅጣቱ ሳይሆን መታሸጉና የማጽጃው ወጪ ነው። የወንጀል ሕጉም አንቀጽ 517 ላይ ውሃ መበከልን፣ አንቀጽ 519 ላይ አካባቢ መበከልን ለብቻቸው ወንጀል አድርጓቸዋል።

አዲስ ሥራ የምትከፍቱ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ንግድ ፈቃድ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። የአካባቢ ሕጎች እየተሻሻሉ ነው። ለምሳሌ ፌስታልን የሚከለክለው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ማመልከቻ ላይ የአዋጅ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት አሁን የሚሠራበትን አረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ አቤቱታ

መጀመሪያ አነጋግሩ። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ሳይላክ ክስ መክፈት ነገር ያከራል፤ ብዙ ጊዜም ሰውየው ቱቦው የት እንደሚወጣ በትክክል አያውቅም። «ጋሼ፣ ውሃው እኛ ጋ ገብቶ ጉድጓዳችንን እያበላሸ ነው፤ አንድ ነገር እናድርግ» ብሎ መጀመር ነው። ቀን ስጡት። ይህንንም ጻፉት።

ካልተቻለ ማስረጃ ሰብስቡ። ፎቶና ቪዲዮ ከሦስት ቦታ አንሱ፦ ከቱቦው በላይ፣ ቱቦው አፍ ላይ፣ ከቱቦው በታች። በላይ ያለው ንጹህ መሆኑ ካልታየ «ከላይ የመጣ ነው» የሚል መልስ ይጠብቃችኋል። ከሦስቱም ቦታ በታጠበ ሃይላንድ ውሃ ቅዱ። ጠርሙሱ ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። አንድ ሌሊት ሳይነካ ይቀመጥ። ጠዋት ላይ ከታች የዘቀጠውን፣ ከላይ የተንሳፈፈውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ይህ የላቦራቶሪ ውጤት አይደለም፤ ተቆጣጣሪውን ከወንበሩ ለማስነሳት ግን ይበቃል። መቼ መቼ እንደሚለቀቅም መዝግቡ። ማታ ብቻ የሚለቁ አሉ፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ የሚመጣው በሥራ ሰዓት ነው።

ማመልከቻውን ለከተማው ወይም ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ጻፉ። የቢሮው ስም ከመዋቅር ለውጥ ጋር ስለሚቀያየር በር ላይ ያለውን አይታችሁ ጻፉ። ስድብ የለ፣ ታሪክ የለ፣ አንድ ገጽ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለ… ከተማ አስተዳደር የአካባቢ ጥበቃ ጽ/ቤት
ጉዳዩ፦ ወደ ጎርፍ ቦይ የሚለቀቅ ዘይትና እጣቢ እንዲቆም ስለመጠየቅ
በ… ክፍለ ከተማ፣ በ… ቀበሌ፣ … አካባቢ ከሚገኝ የመኪና ማጠቢያ ከጥር ወር ጀምሮ ዘይት ያለበት ጥቁር ውሃ ወደ ጎርፍ ቦይ ይለቀቃል። ቦዩ ወደ … ይገባል። ከታች ያለን ነዋሪዎች ውሃውን ለከብትና ለአትክልት እንጠቀምበታለን። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ቦታው በተቆጣጣሪ እንዲታይ፣ ናሙና እንዲወሰድ፣ ብክለቱ እንዲቆምና ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።
አባሪ፦ ፎቶ … ፍሬ፣ የተመዘገበ የሰዓት ዝርዝር … ገጽ»

አንቀጽ 11ን የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አንቀጽ መሠረት አቤት ለማለት ጉዳቱ በእናንተ ላይ መድረሱን ማሳየት አይጠበቅባችሁም። ቤታችሁ ሌላ ሰፈር ቢሆንም ማመልከት ትችላላችሁ። «አንተን ምን አገባህ?» ቢሏችሁ መልሱ ይህ ነው።

በሁለት ቅጂ ሂዱ። መዝገብ ቤት አስገቡና በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። በቃል «አይተነዋል፣ እንመጣለን» መባል አይበቃም። ቀኑ የሚቆጠረው ከማኅተሙ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሂዱና ለማን እንደተመራ ጠይቁ። ባለሙያው ሊመጣ ፈልጎ መኪና አጥቶ ሊሆን ይችላል። ቦታውን የሚያሳይ ሰው መድቡለት፣ የሚለቀቅበትን ሰዓት ንገሩት። ከማየቱ በላይ ናሙና እንዲወስድ ጠይቁት፤ በኋላ ፍርድ ቤት የሚቆመው በባለሙያ የተወሰደና የተመረመረ ናሙና ነው።

በ30 ቀን ውሳኔ ካልመጣ ወይም የመጣው ካላረካችሁ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ለዚህ ያላችሁ ጊዜ 60 ቀን ነው። ውሳኔ ከተሰጠ ከዚያ ቀን፣ ካልተሰጠ ደግሞ 30ው ቀን ካለፈበት ዕለት ጀምሮ ይቆጠራል። ብዙ ጥሩ ጉዳይ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ሰው «ነገ ይመጣሉ» እያለ ሰኔና ሐምሌን ያሳልፋል፣ 60ው ቀን ያልቃል። ሁለቱንም ቀኖች ማመልከቻው በገባበት ዕለት የግድግዳ ካላንደር ላይ አክብቡባቸው።

ፍርድ ቤቱን ስትጠይቁ ሦስቱን ለይታችሁ ጻፉ፦ ልቀቱ እንዲቆም፣ የተበከለው እንዲጸዳ፣ የደረሰ ጉዳት ካለ እንዲከፈል። ካሣ የምትጠይቁ ከሆነ የሞተ ከብት፣ የተበላሸ ጉድጓድ፣ ለቦቴ ውሃ የከፈላችሁበት ደረሰኝ ያስፈልጋል። ጠበቃ መቅጠር ካልቻላችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ስትሄዱ ማኅተም ያለበትን ቅጂ፣ ፎቶዎቹን፣ የሰዓት ዝርዝሩን፣ ከጽሕፈት ቤቱ የተሰጠ ደብዳቤ ካለ እሱን፣ ደረጃ 1 ላይ የሠራችሁትንም ንድፍ ይዛችሁ ሂዱ። ውሃው ከማን ግቢ ወጥቶ የት እንደገባ በአንድ ገጽ ሲያዩት ለማስረዳት ግማሽ ቀን አይፈጅባችሁም።